አይሮፕላን እንደ በቅሎ አይታሰርም

በዚህ ክረምት ለቡ መብራት ኃይል ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። ዘንድሮ ንፋሱ በዝቷል። የጎረቤቱን ባዶ የውሃ ሮቶ ከጣሪያ ላይ አንስቶ አጥር አሻግሮ ጣለው። ሰው አልነካም፣ ተመስገን። በማግስቱ ጎረምሶች መልሰው ሊያቆሙት ወጡና እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እያየኋቸው ግማሽ ቀን ተከራከሩ። አንዱ «በሽቦ ጥፈረው» ይላል፣ ሌላው «ውሃ ከሞላ ራሱ ይከብዳል» ይላል፣ ሌላው ስልኩን ያያል። ከታች ደግሞ ለአጥር ቋሚ ጉድጓድ እየተቆፈረ ነበርና የረጠበው ዋልካ ሽታ ወደኔ መጣ። ዋልካ ሲርስ የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አፍንጫን የከረመ እንስራ ውስጥ እንደማስገባት ነው። በልጅነቴ አንድ ክረምት ሙሉ የሰማሁት ጭቅጭቅ ተመለሰብኝ።

«ኧረ ልጆች፣ መጀመሪያ ከምን ጋር እንደምታስሩት ወስኑ!» ብዬ ጮህኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ስለ ሮቶ ምን ያውቃሉ?» አለኝ ስልክ የሚያየው።

ስለ ሮቶስ አላውቅም። አይሮፕላን ሲታሰር ግን አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ከላፍቶ ቁልቁል እስከ ሀና ማርያም ማዶ ድረስ ማሳና ጨፌ ነበር። የማድገው በእናቴ አባት ቤት ነው። እሱን አባባ ቱሉ እለዋለሁ። አያቴ ዲንቄ ትባላለች። አጎቴ በቀለ ደግሞ ገና ያላገባ፣ ከእነሱ ጋር የሚያርስ ጎልማሳ ነበር። ቤታችን ጨፌው ዳር ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል ተምች መጣ። ትሉ ቡቃያውን ሲበላ ድምፁ ይሰማል፤ በሩቅ የሚያካፋ ዝናብ ይመስላል። ከዚያ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ አይሮፕላን ከመንግሥት ተላከ። ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ከሥሩ ነጭ ጭጋግ ይለቃል። እኔ የሚሸና መስሎኝ፣ «ለምንድነው ሰው ማሳ ላይ የሚሸናው?» ብዬ አያቴን ብጠይቃት፣ «ዝም በይ፣ የመንግሥት ነው» አለችኝ። እንግዲህ የመንግሥት ከሆነ የትም መሽናት ይቻላል ማለት ነው ብዬ ያዝኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ይኸው አይሮፕላን ሰማይ ላይ እንደ ጉንፋናም ሰው ሳለና ጨፌያችን ላይ ወረደ። ሲንከባለል አንዱ ጎማ ጉድባ ውስጥ ገባ፤ እግሩ ተጣመመ። ቆመ። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ጭራውን መሬት ላይ አድርጎ፣ እንጀራ እንደሚጠብቅ ውሻ ተቀመጠ። ከውስጡ ቀጭን ወጣት ወጣ። ጆሮው ላይ ሁለት ጥቁር ነገር ደፍቷል። መስማት የማይፈልግ ሰው መስሎኝ አዘንኩለት። ካፒቴኑ እሱ ነበር።

በማግስቱ ካፒቴኑ ከሌሎች ሰዎች ጋር በመኪና መጣ፤ አይተው፣ ነካክተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ጨረሱ። እግሩ የሚተካው ከውጭ አገር በሚመጣ ዕቃ ነው አሉ። ዕቃው እስኪመጣ ደግሞ ጨፌው ይጨቀያልና ተንደርድሮ አይነሳም። ስለዚህ ክረምቱን እዚሁ ይከርማል። ካፒቴኑ ሦስት ገመድና ሦስት አጫጭር የብረት ካስማ አውጥቶ ለአባባ አሳየው።

«አባቴ፣ በሁለቱ ክንፎቹ ሥርና ጭራው ላይ ነው የሚታሰረው። ይህ ነገር ጠንካራ ንፋስ ካገኘ ቆሞም ይነሳል። ገመዱ ቀላል ነው፤ ዋናው መሬት ውስጥ የሚይዘው ነገር ነው። እነዚህ ካስማዎች ለደረቅ መሬት ናቸው፤ ሲርስ አይታመኑም። ጠለቅ ብሎ የሚይዝ ነገር ምረጡለት። ገመዱንም አታላሉት። ቦታ ካገኘ ይዘላል፣ ከዘለለ ይሰበራል።» አንድ እግሩን መኪናው ውስጥ አግብቶ፣ «በሉ እንግዲህ አደራ!» አለ።

«ቆይ!» አለ አባባ።

ካፒቴኑ ደነገጠ። የከተማ ሰው አደራን እንደ ደህና ዋል ይለዋል። እኛ ዘንድ እንዲያ አይደለም። የአደራ ከብት ገመዱ በምስክር ፊት ነው የሚጨበጠው፤ ሰጪው በእጁ ያቀብላል፣ ተቀባዩ «ተቀብያለሁ» ይላል፣ ጎረቤት ይሰማል። አባባ በቀለን ልኮ ጎረቤቶችን አስጠራ። ካፒቴኑ ሰዓቱን እያየ ቆመ። ጎረቤት ሁሉ ሲሰበሰብ የገመዱን ጫፍ ከካፒቴኑ እጅ ተቀብሎ፣ «እግዜር ያያል፣ እናንተም አያችሁ፣ ተቀብያለሁ» አለ። ካፒቴኑ ሳቀ። ከእኛ ሰዎች ማንም አልሳቀም። እርስ በርስ ተያዩ።

የተያዩበትን ምክንያት ያኔ ማንም አልነገረኝም፤ ከጭቅጭቁ ለቃቅሜ ነው የሰማሁት። እኔ ሳልወለድ አንድ የጅማ መንገድ ነጋዴ ታሞ በቅሎውን አባባ ዘንድ ትቶ ነበር። ጅብ እንዳያባርራት ብሎ አባባ ገመዱን አሳጥሮ አጥብቆ አሰራት። በቅሎዋ ስትንከባለል ገመዱ አንገቷ ላይ ዞሮ አነቃት። ነጋዴው ሲመጣ አልተሳደበም፣ ካሳ አልጠየቀም። ገመዱን ጠቅልሎ፣ በብብቱ ይዞ ሄደ። ስድብ ቢሆን ይረሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባባ ዘንድ አንድ ሰው አንዲት ዶሮ እንኳ አደራ ብሎ ትቶ አያውቅም። ጎረቤታችን ጋሽ ደበላ ደግሞ ጠላ ሲጠጣ፣ «ቱሉ ጋ እንኳን ከብት፣ ዱላህን አትተው፤ ታንቆ ታገኘዋለህ!» ይላል። ሰው ይስቃል። አባባ ዋንጫውን አስቀምጦ ይወጣል።

እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ የመጣለት አደራ አይሮፕላን ሆነ። ሰው ቢያንስ ከበግ አይጀምርም?

ከምን ጋር እንደሚታሰር ለመምረጥ የፈጀው ጊዜ ተነግሮ አያልቅም። ዛሬም ሳስበው ይታክተኛል። በመጀመሪያ በቀለ ረጃጅም የባሕር ዛፍ ችካል ጠርቦ አንዱን ቸከለ። ጋሽ ደበላ ማንም ሳይጠራው በሬውን እየነዳ መጣና ችካሉ ላይ አስሮ ገረፈው። በሬው ጎተተ፣ ችካሉ አልተነቃነቀም።

«አለቀ! በሬ ያልነቀለውን ንፋስ ይነቅላል?» አለ ጋሽ ደበላ።

«በሬ ወደ ጎን ነው የሚጎትተው፤ ይሄ ወደ ሰማይ ነው የሚጎትት» አለ በቀለ።

«እና በሬውን ወደ ሰማይ ልግረፈው?»

በቀለ ወፍራም እንጨት አምጥቶ ከሥሩ ድንጋይ አስደግፎ፣ የችካሉን ገመድ በእንጨቱ አንድ ጫፍ አስሮ፣ ድንጋይ እንደሚፈነቅል ሰው ሌላውን ጫፍ ወደ ታች ተጫነ። ችካሉ ጧ ብሎ ወጣ። ዋልካው ከኋላው አፉን ገጠመ። ጋሽ ደበላ አልተሸነፈም። ትልልቅ ድንጋይ አንከባለን ከዚያ ጋር እንሰረው አለ። አንከባለሉ። ድንጋዩ ክብ ስለሆነ ገመዱ ይሾልካል። ሲያስሩት ይሾልካል፣ ሲያስሩት ይሾልካል። አያቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ሦስት ወንድ አንከባሎ ያመጣውን ድንጋይ እሱ ይዞት ቢበርስ? ደግሞ ማን ቤት ላይ ሊጥለው ነው?» አለች። ይህን ስሰማ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማይ ሳላይ ከቤት አልወጣም ነበር።

በመጨረሻ አባባ የቆየ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ቆየና ጉቶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይህን ስንት ጊዜ ልንነቅል ሞከርን?» አለ። «የተቀበረ ነገር ነው የማይነቀል። ግንድ አጋድመን እንቅበርና ገመዱን ከወገቡ እናውጣው።»

ሁሉም ተስማማ፤ ከአያቴ በቀር።

«ጉድጓድ? የሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ? ሬሳ ሳይኖር?» አለች። ባዶ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ካደረ ሰው ይጠራል ይባል ነበር። አባባ «የተቆፈረው በዚያው ቀን ይሞላል» ብሎ ማለላት። እኔ ደግሞ ጉድጓዱን ሳይ ያለቀለት መሰለኝ። እግሩ የተሰበረ ከብት እንደማይድን አውቃለሁ፤ እንግዲህ ሊቀብሩት ነው ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቀለ አካፋውን ተደግፎ፣ «ይህን ክንፍ የት ልናስገባው ነው፣ አንቺ?» አለኝ። ይህን አላሰብኩም ነበር።

የሁለቱ ክንፎች ግንድ ተቀበረ፣ ተረገጠ፤ በቀለ በእንጨቱ ሲፈነቅለው እንጨቱ ተሰበረ እንጂ ግንዱ ንቅንቅ አላለም። አባባ ከተምቹ ወዲህ የሳቀው ያኔ ነው። የጭራው ጉድጓድ ግን ተቆፍሮ ሳያልቅ ዝናብ መጣና ሁሉም ወደ ቤት ሮጠ። ዝናቡ አላቆም አለ፤ መምሸቱ ነው። አያቴ ነጠላዋን አገልድማ፣ መቆፈሪያ ይዛ ወጣች፤ በዚያ ዶፍ ብቻዋን አፈሩን መልሳ ደፈነችው።

«ምን አደረግሽ?» አለ አባባ፣ እየተንጠባጠበች ስትገባ።

«ከዚህ ቤት ሰው እንዳይጠራ አደረግኩ። ደግመህ ካስቆፈርክ ወንድሜ ቤት ነው የምሄደው!»

«ጭራው በምን ይታሰር ታዲያ?»

«በችካል!»

«ችካል አይዝም ተባለ እኮ!»

«እንግዲያ ጭራ አይሠራለት ነበር!»

ጭራው በችካል ታሰረ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። አባባ ጠዋት ተነስቶ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ የሚያየው አይሮፕላኑን ነው። ገመዱ ተወጥሮ ሲያገኘው ፊቱ ይለዋወጣል፤ ጎንበስ ብሎ ያላላዋል። የታሰረ ነገር መተኛት፣ መዞር፣ አንገቱን ማዞር መቻል አለበት ባይ ነው። ማታ በቀለ ከእርሻ ሲመለስ ያጠብቀዋል። ጠዋት አባባ ያላላዋል። እንዲህ እያለ ሐምሌ አለቀ። ሁለቱም እኔን ሰላይ አደረጉኝ። «ጫልቱ፣ በቀለ ነክቶታል?» ይላል አንዱ። «ጫልቱ፣ አባባ ነክቶታል?» ይላል ሌላው። እኔ ለሁለቱም «አዎ» ነው የምለው። መቼም ውሸት አይደለም።

«አባባ፣ ካፒቴኑ አታላሉ አለ እኮ» ይላል በቀለ።

«ካፒቴኑ ማብረር ይወቅ። ማሰር ለኔ ይተውልኝ።»

«አንተማ ማሰር ...» ብሎ ይጀምርና በቀለ ይውጠዋል። የዋጠውን ግን ሁላችንም እንሰማለን።

እኔም የራሴን ጥፋት አላጓደልኩም። ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሣር አጭጄ ከአፍንጫው ሥር አኖራለሁ፤ ማታ ስመለስ የለም። የሚበላው የጋሽ ደበላ ጥጃ እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። እስከዚያ ድረስ ወፍሯል ብዬ ለሰው አወራ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፉሪ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ዝም አለ። ዶሮዎቹ ራሳቸው ገቡ። ከዚያ ንፋሱ መጣና የጋሽ ደበላን የጎተራ ክዳን አንስቶ ጨፌው ላይ አንከባለለው፤ ጋሽ ደበላ ክዳኑን ተከትሎ እየሮጠ መጣ። በረዶ ተከተለ። አይሮፕላኑ ክንፎቹን አንቀጠቀጠ። ከዚያ ተነሳ። እኔ በዓይኔ አየሁት፤ ጎማዎቹ ከሣሩ ለቀቁ፣ ገመዱ እስኪወጠር ሄደ፣ መልሶ ዷ ብሎ ወረደ። እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ዷ! በወረደ ቁጥር የተጣመመው እግር ይጮሃል። ሦስተኛው ላይ የጭራው ችካል ከበሰበሰ ድድ እንደሚወጣ ጥርስ ተነቀለ፤ አይሮፕላኑ ዞሮ ፊቱን ወደ ቤታችን አደረገ።

ሁላችንም ወጣን። አያቴ ቀድማ ደረሰችና በሆዷ ጭራው ላይ ተጋደመች። «ደበላ! ክዳንህን ተውና ና ተቀመጥ! ያ ሁሉ ጠላ ዛሬ ካልጠቀመ መቼ ሊጠቅም ነው!» ጋሽ ደበላ ክዳኑን ለቆ ሮጦ መጣና ከአጠገቧ ተቀመጠ። ጭራው መሬት ነካ። በቀለ በአንዱ ክንፍ ሥር ገብቶ ገመዱን አሳጥሮ አሰረ። ያኛው ክንፍ ግን ይዘላል። እዚያ ያለው አባባ ነው።

አባባ ገመዱን ይዟል። ክንፉ ሲወርድ ገመዱ ይላላል፤ ያኔ ነበር ስቦ መቋጠር። አልሳበም። ክንፉ ወርዶ ተነሳ፣ ወርዶ ተነሳ፤ እሱ በረዶው ራሱን እየወገረው ገመዱን ያያል።

«ሳበው!» በቀለ ይጮሃል።

«ቱሉ፣ አጥብቀው እንጂ!» ጋሽ ደበላ ይጮሃል።

አባባ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል አይሰማም። አያቴ ከጭራው ላይ ቀና አለች። በረዶው ሻሿን አውልቆታል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ስትጮህ አልሰማኋትም።

«የበቀለ አባት! ጉሮሮ የለውም! ጉሮሮ የለውም እኮ!»

አባባ ዓይኑን ጨፈነ። ክንፉ ሲወርድ ሳበ። ጉልበቱን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ሳበ፣ ጠመጠመ፣ ቋጠረ፤ በቋጠሮው ላይ ደግሞ ቋጠረ። አይሮፕላኑ ሊነሳ ሞከረና አልቻለም። ተንቀጠቀጠ፣ ጮኸ፣ እዚያው ቀረ። ግንዶቹም ከመሬት ሥር ይዘው አልለቀቁም።

በረዶው ሲያባራ ጨፌው ነጭ ሆኖ ነበር። አያቴና ጋሽ ደበላ ጭራው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ እየተጠባበቁ። አባባ ክንፉ ሥር ቆሞ እጁን ወደ ቋጠሮው ላከ። በቀለ አየው፣ አያቴም አየችው። አባባ ቋጠሮውን ዳበሰው። ሳይፈታው እጁን መለሰና ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ የጭራውን ጉድጓድ ራሱ ቆፍሮ፣ ግንዱን ቀብሮ፣ ፀሐይ ሳይጠልቅ ሞላው። አያቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ እስኪሞላ ጠበቀች። ወንድሟ ቤት አልሄደችም።

መስቀል ካለፈ፣ መሬቱ ከጠና በኋላ ካፒቴኑ ከሠራተኞቹ ጋር ዕቃውን ይዞ መጣ። እግሩን ተኩ። ካፒቴኑ ክንፎቹን በመዳፉ እያሸ ዞረ፤ ጀርባው ላይ በረዶው ያጎደጎደውን አየ፣ ገመዶቹን አየ፣ ግንዶቹ የተቀበሩበትን በእግሩ ረገጠ። «ደህና ነው» አለ። ይህን ብቻ ነው ያለው። አያቴ በጣም ተናደደች። «ደህና ነው? እኔ ጭራው ላይ የተቀመጥኩትስ?»

አባባ ግን ካፒቴኑ ያለውን አልሰማም፤ ጎረቤት እያስጠራ ነበር። ሁሉም ሲመጣ ገመዱን በምስክር ፊት ለካፒቴኑ አቀበለው። «ተረክቤያለሁ በል።»

«ተረክቤያለሁ አባቴ።»

«ወደ እነሱ ዞረህ በል።»

ዞሮ አለ። አይሮፕላኑ ተነሳ፤ አንዴ ከላያችን ዞረ፣ ከዚያ ጠፋ። አባባ ገብቶ ተኛ።

እንቅልፉን ሳይጠግብ ጋሽ ደበላ ጊደሩን እየሳበ ግቢ ገባ። አባባ ዓይኑን እያሸ ወጣ።

«ቱሉ፣ ልጄን ልድር ወደ ሰበታ መሄዴ ነው። ይህችን እስክመለስ አደራ ልልህ ነበር።»

አባባ ጊደሯን አየ፣ ጋሽ ደበላን አየ። «ለምን እኔ ጋ? አገሩ ላይ ሰው ጠፋ? ገና ከአንዱ ተገላግዬ ጎኔን ሳላሳርፍ!»

«እንግዲያ ልመልሳት?»

«ማን መልስ አለህ! እንዲህ ነው አደራ? ያለ ምስክር? ስታረጅ ወግ ጠፋህ? ጫልቱ፣ ምን ታፈጫለሽ፣ ሂጂ በቀለን ጥሪ! ዲንቄን ጥሪ! ጎረቤቱን ሁሉ ጥሪ!»

ሮጥኩ። ያገኘሁትን ሁሉ እየጎተትኩ ስመለስ፣ ማንም ገና ሳይመሰክር አባባ ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦት ነበር።